የወሽመጥ በረዶ በፌርፋክስ

የዊልሸሩ ሕንፃ ማቀዝቀዣ የቆመው ሰኞ ጠዋት፣ እንግዶቹ ከሆቴላቸው ወጥተው መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ቢሯችን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሐምሌ ይልቅ መስከረም እንደሚያቃጥል እዚህ የኖረ ያውቃል። ጥገና የሚሠራው ሰውዬ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» ሲለን ስልኬን አንስቼ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት ደወልኩ።

«ጋሼ ምንይሉ፣ የጀርባውን አዳራሽ ዛሬ የያዘው ሰው አለ?»

«የለም። ለክርስትና ነው ለቀለበት?»

«ለጸጥታ ልምምድ ነው። የመንግሥት ሰዎች ናቸው።»

«ሰርኬ» አሉኝ፣ «የእኔ ላይሰንስ እኮ የምግብና የቢራ ብቻ ነው።»

«ተኩስ የለውም ጋሼ። ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተን ነው የምንነጋገረው።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ሶ መኪናቸውን ከኋላ ፓርክ ያድርጉ በያቸው። ከፊት ካቆሙ ቲኬት ነው፤ መንግሥት መሆናቸውን ማንም አይጠይቅም።»

ሥራዬ ይህ ነው። ገና ያልደረሰ አደጋ በካርታ ላይ ይዘረጋል። ሁለት ወገኖች ተራ በተራ ውሳኔ ይሰጣሉ፤ ከውሳኔው ምን እንደተከተለ ደግሞ ዳኛዋ ትናገራለች። ዳኛዋ እኔ ነኝ። የዛሬዎቹ እንግዶች ከሰሜን ጫፍ ነው የመጡት። የአገራቸውን ስም መጻፍ የሥራ ውሌ አይፈቅድልኝም። አንዱ ወገን የአገሪቱ የጸጥታ ሚኒስቴር ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ወገን ደግሞ በዚያ ባሕር ዳር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ኢኑዊቶች ናቸው። ሁለቱም ከአገራቸው ውጭ የሆነ፣ ለማንም የማይወግን ዳኛ ስለፈለጉ ነው ሥራው ለእኛ የደረሰን።

የሚከራከሩበት ጉዳይ ግልጽ ነበር። በኢኑዊቶቹ መንደር አሥራ ሁለት የበረዶ ጠባቂዎች አሉ። በየቀኑ ወደ ባሕሩ ይወጣሉ፤ ጫፉ ብረት በሆነ ዘንግ በረዶውን ይመታሉ፤ የቱ መንገድ ሰው እንደሚሸከም፣ የቱ እንደማይሸከም ለመንደሩ በሬዲዮ ይናገራሉ። ደሞዛቸውን የሚከፍለው ሚኒስቴሩ ነው። አሁን ሚኒስቴሩ ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለችው ደሴት ላይ የራዳር ማማ ሊተክል፣ በረዶውንም በሳተላይትና በድሮን ሊከታተል አስቧል። እንደዚያ ከሆነ የጠባቂዎቹ ጽሕፈት ቤት በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። የመጨረሻው ቃል የሚኒስቴሩ ምክትል ኃላፊ የዶክተር ላንግ ነው። እሷም ውሳኔዋን ለዚህ ልምምድ አቆይታዋለች። ጠባቂዎቹ ሳተላይት የማያውቀውን ነገር ካመጡ ይቆያሉ፤ ካላመጡ አበቃ።

የጠባቂዎቹ አለቃ ወይዘሮ ኤሊሳፒ ይባላሉ። ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ አጠር ብለው ደልደል ያሉ፣ ፀጉራቸውን በአንድ ጉንጉን የሠሩ ሴት ናቸው። ሁለት ወጣት ጠባቂዎች አስከትለው ገቡና በሩ ላይ ቆመው አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ። ጣሪያውን፣ መውጫውን፣ የወጥ ቤቱን በር፣ በመጨረሻም እኔን። ጋሼ ምንይሉ ቴሌቪዥኑን ኳስ ላይ አድርገው ድምፁን ዘጉና «ዌልካም፣ ዌልካም፣ ሲት ዳውን» እያሉ ወንበር ሳቡላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሥርጉት የውኃ ማሰሮ ይዘው ተከተሉ።

የሚኒስቴሩን ቡድን የሚመራው ኮማንደር ዴንሃም ነበር። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መርከብ ላይ ያደገ፣ ጨዋ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እጅጌውን ጠቅልሎ ላፕቶፑን ከፈተ።

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገኖች ጸጥታ ማለት ለእነሱ ምን እንደሆነ እንዲናገሩ አደርጋለሁ። የሚጠብቁት ነገር ከተለያየ ውሳኔያቸውም ስለሚለያይ ከጅምሩ መታወቁ ይጠቅማል።

ኮማንደሩ ቆሞ ተናገረ። «ለእኛ ጸጥታ ማለት ወደ አገራችን ማን እየመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ባሕሩ እየተከፈተ ነው፣ የሁሉም አገር መርከብ ወደዚያ ዓይኑን ጥሏል። ያላየነውን ማስቆም አንችልም። ስለዚህ ዓይን ያስፈልገናል፤ ራዳር፣ ሳተላይት፣ መርከብ።»

ወይዘሮ ኤሊሳፒ አልተነሡም። «የወጣ ሰው ሲመለስ ነው» አሉ። «ቤት ውስጥም ሥጋ ሲኖር።»

ሌላ ነገር እንደሚጨምሩ ሁሉም ጠበቀ። አልጨመሩም። ዶክተር ላንግ ራሷን በትሕትና ነቅንቃ ወደ እኔ ተመለከተች። ጀመርን።

ሦስት ጠረጴዛ ገጥመን ካርታውን ዘረጋን። ታሪኩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የራዳሩ ማማ ተተክሏል። አንድ ጠዋት ማማው ድምፁን ያጠፋል፤ ደሴቲቱ ላይ ያሉት ስምንት ቴክኒሻኖችም ሲጠሩ አይመልሱም። ትልቅ የበረዶ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው። ከመንደሩ ዳርቻ ተነሥቶ ደሴቲቱ ጋ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ ወሽመጡን ቀጥታ ማቋረጥ ነው። ወሽመጡ በደሴቲቱና በየብሱ መካከል ያለ ጠባብ ባሕር ነው፤ የሳተላይቱ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ስንጥቅ የሌለው ነጭ አድርጎ ያሳየዋል። ረጅሙ መንገድ በየብሱ አፋፍ ዞሮ፣ የሰፊውን ባሕር በረዶ ይዞ የሚሄደው ነው።

ደንቡም አጭር ነው። አንዱ ወገን በተራው መረጃ ይጠይቃል፣ ሌላው በተወሰነለት ጊዜ ይመልሳል። መልስ ካልመጣ ጠያቂው በእጁ ባለው መረጃ ይሄዳል፤ እኔም ውጤቱን የምወስነው በዚያው ነው።

የኮማንደሩ ተራ ሆነ። የሳተላይቱን ሥዕል ላፕቶፑ ላይ አጉልቶ፣ ጥያቄዎቹን በተርታ አነበበ። ወይዘሮ ኤሊሳፒ ከፊቱ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል።

«የወሽመጡ በረዶ በሰንሰለት የሚሄዱትን ተሽከርካሪዎቻችንን ይሸከማል?»

ድምፅ አልተሰማም። ጊዜው አለቀ። እኔም ዓይኔን ከኮምፒውተሬ ሳላነሣ «መልስ የለም» ብዬ መዘገብኩ።

«በዚህ ሳምንት በረዶው ላይ የተለወጠ ነገር አለ?»

መልስ የለም።

«ዛሬ ሰው ተሻግሮበታል?»

መልስ የለም። ኮማንደሩ ሥዕሉን ትንሽ ገፋ አድርጎ ወሽመጡን መሃል ላይ አደረገው። «ልንነሣ ነው። የሚያሰጋ ነገር አለ?»

መልስ የለም።

«እንግዲህ በእጄ ባለው እሄዳለሁ» አለ። ሁለቱን ትንንሽ ቀይ የአሻንጉሊት ተሽከርካሪዎች አንሥቶ ወሽመጡ ላይ አኖራቸው። ከደንቡ ውጭ ምንም አላደረገም። በደንቡ መሠረት ተሽከርካሪዎቹ ያልፋሉ፣ ደሴቲቱ ጋ ይደርሳሉ፣ ቴክኒሻኖቹ ይተርፋሉ። የጠባቂዎቹ አስተዋጽኦም ባዶ ይሆናል። የዙሩን ውጤት ከማወጄ በፊት እትዬ ሥርጉት በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብለው «ሰርኬ፣ ሥጋው ሰው አይጠብቅም» ስላሉ ምሳ እንዲቀድም ፈቀድኩ።

ሰዎቹ ለምሳ ሲነሡ ዶክተር ላንግ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «የሚያከራክር አይመስለኝም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ደስ ብሏት አልነበረም። የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር፣ ውሳኔው ግን ያለቀ።

ጋሼ ምንይሉ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ። «ልጠይቅሽ። እነዚህ ሰዎች ጥሬ ይበላሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው መሰለኝ።»

«ሰው አገኘሁ በያ! አሜሪካኖቹ ሁሉ ዌል ደን፣ ዌል ደን እያሉ ሥጋዬን አቃጥለው ጨረሱት።»

ቁርጥ ይዘው ወጡ፤ ቀይ፣ ጅማት ያልነካው፣ በትልቅ ሳህን። ለሚኒስቴሩ ሰዎች ጥብስና አትክልት ቀረበ። ወይዘሮ ኤሊሳፒ ቁርጡን ሲያዩ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ አንሥተው ጫፉን በጥርሳቸው ያዙና ቢላዋውን ከታች ወደ ላይ፣ ከከንፈራቸው አጠገብ እልፍ አደረጉት።

«ኧረ አፍንጫዋን!» አሉ ጋሼ ምንይሉ። ሁለተኛውን ሲቆርጡ ካዩ በኋላ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «ተይው። ይሄ እጅ ለምዷል። የእኔ ልጅ እዚህ ተወልዶ ቢላዋ ሳሳየው ሹካ ነው የሚፈልገው።»

እትዬ ሥርጉት የሚጥሚጣ ሳህን ይዘው መጡ። እንግሊዝኛ ብዙም አይናገሩም፤ ወይዘሮ ኤሊሳፒም አማርኛ አያውቁም። እትዬ ሥርጉት ማንኪያውን ከሥጋው በላይ ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ ኤሊሳፒ አፍንጫቸውን ሸብሰብ አደረጉ። ማንኪያው ተመለሰ። እትዬ ሥርጉት ሌላ የሥጋ ቁራጭ አሳዩ። የወይዘሮ ኤሊሳፒ ሁለት ቅንድብ ከፍ አለ። ሥጋው ተጨመረ። ውኃ? ቅንድብ። ሰናፍጭ? አፍንጫ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አልወጣም፤ አንዳቸውም የጎደለ ነገር እንዳለ አልተሰማቸውም።

እትዬ ሥርጉት በአጠገቤ ሲያልፉ «ይቺ ሴትዮ የምትስማማ ናት» አሉኝ። «እንደ ሰው ትመልሳለች። እነዚያኞቹን ስጠይቃቸው አፌን ነው የሚያዩት።»

የጎረስኩትን ሳልውጥ ቆየሁ።

እኛ አዎ ስንል ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን ቅንድባችንን እናነሣለን። እዚህ አገር በመጣን በመጀመሪያው ዓመት፣ የትምህርት ቤቴ አማካሪ እናቴን ስለ እኔ ስትጠይቃት እናቴ በዚህ መንገድ ሁሉንም መለሰችላት። አማካሪዋ ግን ወደ እኔ ዞራ «እናትሽ መናገር አትፈልግም?» አለችኝ። እኔ ከመሃል ተቀምጬ፣ አንዷ መልሳ ሌላዋ ያልሰማቻትን ሁለት ሴቶች አያለሁ። ያን ማየት አልረሳሁትም። በልምምዱ ዕለት ጠዋት ግን ካርታ ነበር የማየው።

በየልምምዱ ሁለት ካሜራ አቆማለሁ። አንዱ ካርታውን፣ አንዱ ተጫዋቾቹን ይቀርጻል፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ እንዲዳኝ ነው። ሳህኔን ትቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩና የሁለተኛውን ካሜራ ቀረጻ ከፈትኩ።

«የወሽመጡ በረዶ ተሽከርካሪዎቹን ይሸከማል?» አፍንጫቸው ተሸበሸበ። አይሸከምም።

«የተለወጠ ነገር አለ?» ቅንድባቸው ተነሣ። አዎ።

«ዛሬ ሰው ተሻግሮበታል?» አፍንጫ።

«የሚያሰጋ ነገር አለ?» ቅንድባቸው እስከ ፀጉራቸው መነሻ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ እዚያው ላይም ይዘውት ቆዩ። ከኋላቸው የተቀመጡት ሁለት ወጣቶችም ቅንድባቸውን አንሥተው ነበር። ኮማንደሩ የሚያየው ላፕቶፑን ነው። እኔ ደግሞ «መልስ የለም» እያልኩ እጽፋለሁ።

ወይዘሮ ኤሊሳፒ ለአየር ብለው ወደ ፌርፋክስ ወጥተው ነበር። ከምግብ ቤቱ ጥላ ሥር ቆመው የሚያልፈውን መኪና ያያሉ። አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጠዋት ሲጠይቅዎ መልሰውለታል?»

ቅንድባቸውን አነሡ።

«እሱ እንዳላየ አውቀዋል?»

ቅንድብ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ጽሕፈት ቤታችሁ ሊዘጋ ነው እኮ!»

አሁን ተናገሩ፤ እንግሊዝኛቸው ዝግ ያለና ጥርት ያለ ነበር። «እውነተኛ በረዶ ቢሆን ኖሮ ኮቱን ይዤ እጎትተው ነበር። ይሄ ግን ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ ይስመጥ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከእነሱ ጋር ጠረጴዛ ከብቤያለሁ። ይጠይቁናል፣ አይጠይቁንም አልልም። ሲጠይቁን ግን ሌላ ነገር ነው የሚያዩት። ይህን በአፌ ብነግራቸው ‘ገብቶናል’ ብለው ይጽፉታል፣ ይሄዳሉ። ዛሬ ግን ዳኛ አለ፣ ካሜራም አለ።»

«እኔ ለማንም ልወግን አልችልም።»

«አትወግኚ። ያየሽውን ተናገሪ።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ዳኛዋ ራሷ ታያለች ብዬ ነበር። ዘገየሽ እንጂ።»

እሳቸው ክንዴን መታ መታ አድርገው ቀድመውኝ ገቡ።

ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ቆምኩ። «የጠዋቱን ዙር ከማወጄ በፊት የምዝገባ ስሕተት አርማለሁ» አልኩ። «አራቱ ጥያቄዎች በሙሉ በጊዜያቸው ተመልሰዋል። ‘መልስ የለም’ ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው።»

ኮማንደሩ ቀና አለ። «ማን መለሰ? አንድም ድምፅ አልሰማሁም።»

«ወይዘሮ ኤሊሳፒ በፊታቸው መልሰዋል። ቅንድብ ሲነሣ አዎ ነው፣ አፍንጫ ሲሸበሸብ አይደለም ነው። በእነሱ ዘንድ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው መልስ ነው።»

«በአክብሮት እቃወማለሁ» አለ፤ ድምፁ አልጎላም። «በእንዲህ ያለ ሥራ መልስ በቃል ነው። ሬዲዮ ላይ የሰው ፊት አይታይም።»

የሚረባ ተቃውሞ ነበር። መልሱን ከእኔ በፊት ወይዘሮ ኤሊሳፒ ሰጡት።

«በሬዲዮ ብትጠይቀኝ በሬዲዮ እመልስልህ ነበር» አሉት። «መንደራችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ነው የማወራው፤ አቁሚ እስኪሉኝ። አንተ ግን ፊቴ ተቀምጠህ ነው የጠየቅኸኝ። ፊት ለፊት ለተጠየቀ በፊት ነው የሚመለሰው። አራት ጊዜ መለስኩልህ። ዝም ብለህ ስትነሣ፣ ደፋር ሰው ነው አልኩ።»

ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ልየው» አለች ዶክተር ላንግ።

ጋሼ ምንይሉ ሪሞቱን አቀበሉኝና ኳሱን አጥፍተን ቪዲዮውን በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አሳየን። ኮማንደሩ ራሱን አየ፤ አንገቱን ላፕቶፑ ላይ ደፍቶ ሲጠይቅ፣ ከፊቱ አንዲት ሴት ስትመልስለት፣ እንደገና ሲጠይቅ፣ እንደገና ስትመልስለት። አራተኛው ላይ፣ ሦስት ሰው ቅንድቡን አንሥቶ እያየው ቀይ ተሽከርካሪዎቹን ሲያነሣ ዶክተር ላንግ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ድገሚው» አለ ኮማንደሩ። ደገምኩት። ሲያልቅ ላፕቶፑን ዘጋው።

«ተሽከርካሪዎቼ የት ናቸው?»

«ወሽመጡ መሃል።»

«ተነግሮኝ ነው የገባሁት ማለት ነው።»

«አዎ።»

ወደ ወይዘሮ ኤሊሳፒ ዞረ። «ሳተላይቱ ድፍን ነጭ ነው የሚያሳየው። ምን አለ ሥሩ?»

ይህ በአዎና በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ አልነበረምና ወይዘሮ ኤሊሳፒ ተነሥተው ካርታው ጋ መጡ። «ወሽመጡ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ውኃው ይሮጣል። የሚሮጥ ውኃ በረዶውን ከሥር ይበላዋል። ከላይ ደግሞ በረዶ ሲዘንብበት እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ብርዱ ገብቶ አያጠነክረውም። ከሰማይ ስታየው ያማረ ነጭ ነው። በዘንግ ስትመታው በአንድ ምት ይበሳል። በሚያዝያ ውሻ እንኳ አያልፍበትም።»

በእኔ ወረቀት ላይ የወሽመጡ በረዶ እውነተኛ ሁኔታ ከጅምሩ ተወስኖ ተጽፎ ነበር፤ የተሰጠ መልስ ትክክል መሆኑን ለመመዘን ዳኛ ብቻ ነው የሚያየው። የተናገሩት ከዚያ ጋር አንድ ነበር። የፊተኛውን ቀይ ተሽከርካሪ ከካርታው አነሣሁት። «ይኼኛው ሰምጧል። በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎች ወጥተው በረዶው ላይ ናቸው። ሁለተኛው ወደፊትም ወደኋላም መንቀሳቀስ አይችልም። ተራው የጠባቂዎቹ ነው።»

ድሉ በእጃቸው ነበር። ረጅሙን መንገድ ይዘው ቀጥታ ደሴቲቱ ጋ ቢሄዱ፣ በዚያ ዙር ቴክኒሻኖቹን አውጥተው ጨርሰዋል። ነጥቡም የሚቆጠረው በቴክኒሻኖቹ ነው። ኮማንደሩም ይህንኑ ጠብቆ እጁን አጣጥፏል። ወይዘሮ ኤሊሳፒ ግን ጣታቸውን ወሽመጡ መሃል ላይ አሳረፉ።

«መጀመሪያ እነዚህን» አሉ።

«ተራ ይወስድብዎታል» አልኩ፤ ማስጠንቀቅ ግዴታዬ ነው።

«ይውሰድ። ልጆቹ እርጥብ ናቸው።»

ሁለቱ ወጣቶች በካርታው ላይ የበረዶ መንሸራተቻቸውን አወጡ፣ ገመድ ጣሉ፤ በሆድ እየተሳቡ እንዴት እንደሚቀርቡ፣ ማን ከኋላ ገመድ እንደሚይዝ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። አንድም የሚያከራክር ነገር አላገኘሁበትም። የኮማንደሩ ሰዎች ሁሉ ዳርቻ ደረሱ።

ቀጣዩ ተራ የሚኒስቴሩ ነበር። ኮማንደሩ ወንበሩን ትቶ ጠረጴዛውን ዞረና ከወይዘሮ ኤሊሳፒ ፊት ቆመ። ቀና ብሎ ዓይናቸውን እያየ ጠየቀ።

«በአፋፉ ዞራችሁ፣ አውሎ ነፋሱ ሳይደርስ ደሴቲቱ ጋ ትደርሳላችሁ?»

ቅንድብ።

«ነዳጅ ይበቃችኋል?»

አፍንጫ።

«አውሮፕላን አለኝ። ነዳጁን በአፋፉ ላይ ብጥልላችሁ ታነሡታላችሁ?»

ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ፤ ከእሱ ጋር ጥርሳቸውም ታየ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በተራ መጫወቱን ረሱት፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ወይዘሮ ኤሊሳፒ በየመኸሩ ጠባቂዎቹ የደረቀ ሥጋና ማገዶ የሚያስቀምጡባቸውን የአዳኝ ጎጆዎች ካርታው ላይ በነጥብ አመለከቱ። ኮማንደሩ ከሰማይ የታየውን የነፋሱን አቅጣጫ ነገራቸው፤ እሳቸውም በዚያ መሠረት አንዱን ጎጆ ትተው ሌላውን መረጡ። «ይሄኛውን ሥዕል ከየት አመጣኸው? ደህና ነው» አሉት። የተመሰገነ ተማሪ ይመስል ጆሮው ቀላ። አውሎ ነፋሱ ሲደርስ ስምንቱም ቴክኒሻኖች ጎጆው ውስጥ ነበሩ።

ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሥራዬ ስለሆነ። «የሰው ጉዳት የለም» አልኩ። «የወጣው ሁሉ ተመልሷል።»

ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው የነበሩት ጋሼ ምንይሉ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ሰው ሁሉ ተከተላቸው።

ዶክተር ላንግ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። «ውሳኔዬን ለዚህ ልምምድ አቆይቼ ነበር» አለች። «የጠባቂዎቹ ጽሕፈት ቤት አይዘጋም። ማማውም ይተከላል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።»

«አንድ ነገር ልጨምር» አለ ኮማንደሩ። «ያለ ጠባቂዎቹ ፈቃድ አንድም የመንግሥት ተሽከርካሪ በረዶ ላይ አይውረድ። ትእዛዝ ሆኖ ይውጣ። እኔ ነኝ የሰመጥኩት፣ እኔ ልፈርምበት።»

«ይወጣል» አለች።

ወይዘሮ ኤሊሳፒ ገና አልጨረሱም። «አሥራ ሁለት ሰው ለሁለት መንገድ አይበቃም። ማማችሁም መንገድ ይጨምራል። ሃያ ይሁኑ።»

ዶክተር ላንግ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ወይዘሮ ኤሊሳፒን ፊት ለፊት አይታ፣ እንደ ጀማሪ ትንሽ አብዝታ፣ ቅንድቧን አነሣች።

እትዬ ሥርጉት ከወጥ ቤት እልልታቸውን ለቀቁት። ለዚህ አማርኛም እንግሊዝኛም አላስፈለጋቸውም። ወይዘሮ ኤሊሳፒ ዞር ብለው አዩአቸውና ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። በመንደሩ ጽሕፈት ቤት የቀሩት ጠባቂዎች ተሰብስበው እየጠበቁ ነበርና ወዲያው ተነሣ። በትንሿ መስኮት ውስጥ ተጨናንቀው የቆሙ ፊቶች ታዩ፤ ወፍራም ኮት የለበሱ፣ ከኋላቸው የብረት ጫፍ ያላቸው ዘንጎች ግድግዳ ላይ የተደገፉ። አንዷ ወጣት በቋንቋቸው አጭር ጥያቄ ጠየቀች። ምን እንደጠየቀች ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

ወይዘሮ ኤሊሳፒ ስልኩን ፊታቸው ላይ አቅንተው ያዙ። ምንም አልተናገሩም። ቅንድባቸውን አነሡ።

ከስልኩ የወጣው ጩኸት ከፌርፋክስ መኪና ሁሉ በለጠ። ጋሼ ምንይሉ ቴሌቪዥኑ መስሏቸው ሪሞቱን ፍለጋ ሮጡ።